የኮሌጅ ቡድን ተስፋ በምን ይመዘናል?

የአንድ ኮሌጅ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለመጪው ዓመት ያለው ተስፋ ሲመዘን፤ ብዙ ሰው አስቀድሞ «ማን ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪ ትምህርቱን ሲፈጽም ቡድኑን መሰናበቱ አይቀርምና ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም።

በአሜሪካ፤ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በተከታታይ ሦስት ዋንጫ ወሰደ። በ1969 ግን ኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው ረጅሙ ሉ አልሲንደር ተመርቆ ሄደ። ቡድኑ በ1970ም፤ በ1971ም ደግሞ አሸነፈ። ስለ ምን ቢሉ፤ እነ ሲድኒ ዊክስና ከርቲስ ሮው ከአልሲንደር ጎን ተሰልፈው አስቀድመው ሠልጥነው ነበር።

አሠልጣኙ ጆን ውድን በልምምዱ መጀመሪያ የሚያስተምሩት የካልሲና የጫማ አደራረግን ነበር፤ የተጨማደደ ካልሲ እግርን ያቆስላል፤ የቆሰለ እግርም ተጫዋቹን ከሜዳ ያስቀራልና።

እንግዲህ የምትወዱትን ቡድን ስትመዝኑ፤ ከሄደው ኮከብ ይልቅ የተተኪዎቹን ዝግጅት መርምሩ። በየመሥሪያ ቤታችንም ቢኾን፤ ዐዋቂው ሲዛወር ሥራው የሚቆመው ተተኪ ሳያሠለጥን የሄደ እንደ ኾነ ነው። ሰው ይሄዳል፤ የተተከለ ሥርዐት ግን ይቀራል።