በታሪካዊ ተውኔት ሞት ብቻውን ትራጀዲን ያስገኛልን?

በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ በአርባ ምንጭ ከተማ ወጣቶች በቁጣ ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶችም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጎሜ ነው፤ ይኸውም መዓትን የሚያስከትል ጥፋት ማለት ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ክቡራን አድማጮች፣ ይህን ታሪክ ወደ መድረክ የሚያወጣ ደራሲ ዘንድ አንድ ፈተና ይመጣል። ከሽማግሌዎቹ አንዱን በድንጋይ አስመትቶ ቢጥለው ተመልካቹ ያለቅሳል፣ ጭብጨባውም ይደምቃል። በታሪካዊ ተውኔታችን ካባው፣ ለምዱና ጋሻው በመጨረሻው ገቢር ለሚወድቀው ጀግና ማጀቢያ ብቻ ሆነው የሚቀሩበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። (ተዋንያኑ የሚለብሱትን ጥበብና ኩታ ለብዙ ዘመን በሽሮ ሜዳ ሲሸምኑ የኖሩት የዶርዜ እጆች ናቸው፤ ጋሞ በአልባሳቱ ክፍል የኖረውን ያህል በድርሰቱ ውስጥ አልኖረም።)

ዳሩ ግን ሞት በታሪካዊ ተውኔት ውስጥ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ሆነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለ ቴዎድሮስ ሲጽፉ፣ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሱን በሽጉጥ እንደሚገድል የማያውቅ ተመልካች አልነበረም። የተበተነችን አገር አንድ ለማድረግ የተነሣ ሰው በገዛ እርምጃው ብቻውን እየቀረ ሲሄድ ማየት ነው የሚያመው። ይህን ሳያሳይ ሽጉጡን ብቻ የሚያስተኩስ ተውኔት መርዶ ነጋሪ እንጂ ሌላ አይደለም። ጸጋዬ ስለ አቡነ ጴጥሮስ የጻፈውን ተውኔት «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይመስልም። ጳጳሱ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ወደቁ፤ ርእሱ ግን የሚጠራው ጥይቱን ሳይሆን እምቢ ለማለትም እሺ ለማለትም የሚቻልባትን ሰዓት ነው።

የቻይናው ደራሲ ጂ ጁንሺያንግ በ13ኛው መቶ ዓመት የጻፈው «የዣኦ ወላጅ አልባ ልጅ» ለዚህ ጥያቄ የተሻለ ምስክር ነው። ከተጨፈጨፈ ቤተ ሰብ የተረፈ አንድ ሕፃን ለማዳን ሲባል፣ በር ጠባቂው የጦር አለቃ አንገቱን ይቆርጣል፣ አንድ አረጋዊም ራሱን ይሠዋል። ሐኪሙ ቸንግ ዪንግ ግን የገዛ ልጁን በሕፃኑ ምትክ ሰጥቶ ይኖራል፤ ያውም በገዳዩ ቤት፣ 20 ዓመት ያህል። ከሟቾቹ ይልቅ የከበደው የእርሱ መኖር ነው። ቮልቴር እ.ኤ.አ. በ1755 ይህንኑ ታሪክ ለፈረንሳይ መድረክ ሲያዘጋጅ ጄንጊስ ካንን በመጨረሻ ይቅር ባይ አድርጎታል፤ ፍጻሜው ግን ትንሽ ቀለል ያለ ይመስላል፤ ይቅርታው ከኃያሉ ወደ ደካማው የወረደ ነውና።

በአርባ ምንጭ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር፤ የተለመኑት የተበደሉት ናቸው። «ማንም ካልሞተ ተውኔቱ ስብከት ይሆናል» የሚል መከራከሪያ ይነሣ ይሆናል፤ እውነትም አለው፣ ዋጋ ያልተከፈለበት ምርጫ መድረክ ላይ አይቆምምና። ነገር ግን ሟቾቹ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ሞተዋል። የቀረው ገቢር ከሣሩ ፊት የተመለሰው ወጣት የወንድሙን ደም ሳይመልስ ወደ ልቅሶ ቤት የሚገባበት፣ እናቱም ቀና ብላ የምታየው ነው።