ስለ ኤል ኢ ዲ መብራት መጠንና ማቀፊያ
(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ሹማምንት የተደረገ ንግግር)



ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ የውሃው ብዛት ግን የብርሃን ዋስትና አልሆናትም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2009 የተመረቀው የመረዌ ግድብ 1250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ቢኖረውም፣ በ2023 የተነሣው ጦርነት የኤሌክትሪክ መስመሮችንና ማከፋፈያዎችን አፈራርሷል። በ2025 መጀመሪያም በመረዌ ጣቢያ ላይ በደረሰው የድሮን ጥቃት በሰፊው የአገሪቱ ክፍል መብራት ጠፍቷል። ከዚህም የተነሣ ተማሪ ማታ መጽሐፉን የሚገልጠው በፀሐይ ኃይል በሚሞላ ትንሽ የኤል ኢ ዲ ፋኖስ ሲሆን፣ ፋኖሱ በጥቂት ወራት ከፈዘዘ ጥናቱም አብሮ ይቀራል።

ብዙ ሰው መብራትን የሚመዝነው በቁመናው ነው፤ በዚህ ነገር ግን ዓይን ያታልላል። ብርሃን የሚሰጠው ፍሬ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የሚታየው ማቀፊያው ነው። ማቀፊያው ፍሬውን ከአቧራና ከእርጥበት ይጠብቃል፣ ብርሃኑን ይመራል፣ ሙቀቱንም ወደ ውጭ ያስወጣል። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በካርቱም ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው።

በትምህርት ቤት የታወቀው ሁለት እግር ያለው ክብ ዓይነት ነው። ወርዱ 3፣ 5፣ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ይሆናል። ሙቀቱ የሚወጣው በቀጫጭን እግሮቹ ብቻ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ዋት እስከ 300 ዲግሪ ያህል ሊሞቅ ይችላል። በ20 ሚሊአምፔር የሚሠራ ነጭ ባለ 5 ሚሊሜትር 0.064 ዋት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአካባቢው አየር 19 ዲግሪ ያህል ቢሞቅ ነው፤ ይህን ይችለዋል። ርካሽ ፋኖስ ሠሪ ግን ደማቅ ለማስመሰል 60 ሚሊአምፔር ቢያስተላልፍበት፣ ኃይሉ ወደ 0.2 ዋት፣ የሙቀቱም ጭማሪ ወደ 60 ዲግሪ ይደርሳል። በ40 ዲግሪ አየር ላይ ይህ ሲደመር 100 ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ቢጫ ይለብሳል፣ ብርሃኑም ይሞታል።

በሰሌዳ ላይ ተለጥፈው የሚበየዱት ደግሞ በአራት አኃዝ ይጠራሉ። ለግዢ ሹማምንት ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። 3528 ማለት 3.5 በ2.8 ሚሊሜትር ነው፤ 5050ም 5 በ5 ሲሆን ብዙ ጊዜ ሦስት ፍሬ ይይዛል። 0603 ግን በተለምዶ የኢንች መቶኛ ነው፤ ይኸውም 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር ማለት ነው። ይህንኑ በሚሊሜትር የሚጽፉ 1608 ይሉታል። መለኪያው ያልተጻፈበት ማዘዣ በዓይን የማይያዝ ፍርፋሪ ሊያስመጣ ይችላል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ3528 እና የ2835 ነገር ነው። አኃዙ ተገለባበጠ እንጂ ስፋታቸው አንድ ነው። ሆኖም 3528 በተለምዶ ከ0.1 ዋት በታች ሲሠራ፣ 2835 ከ0.2 እስከ 1 ዋት የሚችል አለ። ምክንያቱም 2835 ከሆዱ በታች ሰፊ የብረት ንጣፍ ስላለው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰሌዳው ያወርዳል። ሰሌዳው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይረዳል፤ ባለ 1 ዋቱ ትልቅ ዓይነትም ያለ እንዲህ ያለ ሰሌዳ እንዲበራ አይገባም።

ስለዚህ ፋኖስ የሚመርጥ ሰው የፍሬዎቹን ብዛት ቆጥሮ ከመደሰቱ በፊት ግማሽ ሰዓት አብርቶ ጀርባውን ይዳስስ። ለብ ማለቱ መልካም ምልክት ነው፤ ሙቀቱ መውጫ አግኝቷልና። እጅግ ደምቆ ጀርባው ቀዝቃዛ የሆነ ግን ሙቀቱን በውስጡ አምቆ ሊሆን ስለሚችል ይጠርጠር።

ለክፍል ሙከራ ግን ተወዳዳሪ የሌለው ያው ባለ 5 ሚሊሜትሩ ነው፤ ለልጅ ጣት ይመቻል፣ የእግሮቹም ርቀት 2.54 ሚሊሜትር ስለሆነ ከመለማመጃ ሰሌዳ ቀዳዳ ጋር ይገጥማል። ቀዩ 2 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ፣ ከ5 ቮልት ምንጭ ጋር ሲያያዝ 150 ኦም ሬዚስተር ይበቃዋል። ረጅሙ እግር የፖዘቲቭ ነው፤ እግሮቹ ተቆርጠው እኩል ከሆኑም በክቡ ጠርዝ ላይ ጠፍጣፋ የሆነው ወገን ኔጋቲቩን ያሳያል።