በመኝታ ጊዜ ራስን ስለሚጫነው ሕመም



ቀኑን በደኅና ሠርቶ ውሎ ሌሊት ጐኑን ባሳረፈ ጊዜ ግን ራሱ የሚከብደው፣ ከውስጥም የሚገፋው የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም፤ አብዛኛውም ሰው ይህን ደዌ የድካምና የሐሳብ ፍሬ ነው ብሎ ስለሚያልፈው፣ ሕመሙ የሚመጣበት ሰዓትና የሰውነት አኳኋን ስለ ምክንያቱ የሚመሰክሩ መሆናቸውን በዛሬው ዲስኩሬ ላስረዳ እወዳለሁ።

የአዋቂ ሰው የራስ ቅል የማይለጠጥ ዐፅም ስለ ሆነ፣ በውስጡ ካሉት ከሦስቱ፣ ማለት ከአንጎል፣ ከደምና አንጎልን ከሚከበው ንጹሕ ፈሳሽ፣ አንዱ ሲበዛ ሌላው ሊጐድልለት ግድ ነው፤ የዚህንም ትምህርት መሠረት የስኮትላንድ ሊቃውንት አሌክሳንደር ሞንሮ በ1783፣ ጆርጅ ኬሊም በ1824 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጥለውታል። ሰው ቆሞ ሳለ ደሙ ከራሱ ወደ ልቡ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ሲጋደም ግን ይህ ርዳታ ስለሚቀር በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ጤነኛ ሰው ይህን ለውጥ አያውቀውም፤ የሚያውቀው አስቀድሞ ሌላ እክል ያለበት ነው።

ከምክንያቶቹም የተለመደው በፊት ዐፅም ክፍተቶች ውስጥ ንፍጥ የሚታጐርበት የሳይነስ ሕመም ሲሆን፣ ሲያጐነብሱና ሲተኙ ግንባርንና ጉንጭን ይጫናል። የሚያንኰራፋና በእንቅልፉ መካከል ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ የተቃጠለው አየር በደሙ ውስጥ እየተጠራቀመ የአንጎሉን ደም ሥሮች ስለሚያሰፋቸው፣ ማለዳ ራሱ ከብዶት ይነሣል። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ ማደርም ራስን የሚያሳምም፣ ሕይወትንም የሚያጠፋ መርዘኛ ጋዝ ያመጣል። የራስ ምታት ማስታገሻን በየዕለቱ መዋጥ ራሱ ሕመሙን እንደሚያጸና መዘንጋት አይገባም።

ከእነዚህ ይልቅ ጥቂት ሆኖ የሚያሰጋው ግን በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት በእውነት የጨመረ እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም በዕጢ ምክንያት ወይም ያለ ዕጢ፣ ይልቁንም ክብደታቸው በበዛ ወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ ችላ ቢባል የዓይንን ብርሃን ያሳጣል። በአንጻሩ ፈሳሹ ሾልኮ የጐደለበት ሰው ሲቆም ታሞ ሲጋደም ይሻለዋል፤ ስለዚህ ሐኪም ሁለቱን ለመለየት የሚጀምረው ከሕመምተኛው ቃል ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕመም የሚመላለስበት ሁሉ ሰዓቱንና አኳኋኑን አስተውሎ፣ የደም ግፊቱንም አስለክቶ ለሐኪም ይንገር፤ ማለዳ ማስታወክ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ትኵሳት ከአንገት መድረቅ ጋር፣ ወይም በድንገት የሚወርድ ብርቱ ሕመም ቢታይበት ግን ሳይነጋ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሕመምን በትዕግሥት መሸከም በጎ ምግባር ቢሆንም፣ ፈውስ የሚገኝለትን ደዌ በዝምታ መሸከም ግን ትዕግሥት ተብሎ ሊመሰገን አይገባውም።