የሥራ ሰዓትና የደጋፊዎች አደራ



ብዙዎቻችሁ ገንዘባችሁን ስትልኩ «ለውሃ ጉድጓድ» ወይም «ለእህል እደላ» ብላችሁ ለይታችሁ ትልካላችሁ። ሲሚንቶና ቧንቧ ደረሰኝ ስላላቸው ለየትኛው ፕሮጀክት እንደዋሉ ማሳየት አያስቸግረንም። ደመወዝ ግን እንዲህ ያለ ደረሰኝ የለውም። አንድ የመስክ ሠራተኛ ጠዋት ጉድጓድ ሲያስቆፍር ቆይቶ ከሰዓት በኋላ እህል ያድላል። ታዲያ ደመወዙ ከማን ገንዘብ ይከፈል? ዛሬ የምንነግራችሁ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደምንመልስ ነው።

የምንመልሰው ታይም ሺት በምንለው የሥራ ሰዓት መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በየቀኑ በየትኛው ፕሮጀክት ስንት ሰዓት እንደሠራ ይጽፋል፤ የቅርብ ኃላፊውም አይቶ ይፈርማል። በወሩ መጨረሻ መዝገቡ ኤክሴል ወደተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይገባል። በአንድ መስመር ላይ የሠራተኛው ስም፣ ቀኑ፣ ፕሮጀክቱና የሰዓቱ ብዛት ይጻፋል። ከዚያም ፒቮት ቴብል የሚባለው ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ፕሮጀክቶቹን ወደ ታች፣ ሠራተኞቹን ወደ ጎን ደርድሮ ሰዓቱን ይደምርልናል።

ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር የሚደምረው የሰጡትን ነው። አንድ ጊዜ የውሃ ፕሮጀክታችን በማጠቃለያው ላይ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ወጣ። ምክንያቱን ስንመረምር አንዱ «ውሃ»፣ ሌላው «ውሀ»፣ ሦስተኛው «ውኃ» ብሎ ጽፎ ኖሯል። ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሦስት ፕሮጀክቶች ናቸው። ባናስተውል ኖሮ የአንዱን መስመር ድምር ብቻ ይዘን ሪፖርት እናደርግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ቁጥር ሰጠን፤ ሠራተኛውም ከዝርዝር ይመርጣል። ሰዓት በሰዓትና በደቂቃ መልክ ሲጻፍም እንዲሁ መጠንቀቅ ያሻል። አጻጻፉ ካልተስተካከለ ድምሩ 24 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምርና 26 ሰዓት 2 ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሰባት ሰዓት ተኩልን 7.5 ብለን እናስገባለን።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን እውነቱን መጻፍ ነው። በወሩ መጨረሻ በጀቱን አይቶ ቅጹን መሙላት ይቀላል። ለምሳሌ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ 12,000 ብር ነው እንበል፤ በጀቱም 80 በመቶው ከውሃ ፕሮጀክት እንዲከፈል ይላል። ይህም 9,600 ብር ነው። ሰዓቱ በትክክል ሲደመር ግን ከ160 ሰዓት ውስጥ 96ቱ ለውሃ፣ 40ው ለእህል እደላ፣ 24ቱ ለጽሕፈት ቤት ሥራ ውሏል። እንግዲህ ከውሃው ገንዘብ የሚገባው 60 በመቶ፣ ማለትም 7,200 ብር ነው። በበጀቱ ብንሄድ ኖሮ ለጉድጓድ የሰጠውን ሰው ሳንጠይቀው 2,400 ብር ለሌላ ሥራ አስከፈልነው ማለት ነው።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የእርዳታ ደንብም፣ ቁጥር 2 ሲ.ኤፍ.አር. 200.430፣ ደመወዝ በተሠራው ሥራ መዝገብ እንዲደገፍ ያዛል፤ የበጀት ግምት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በዚህም የተነሣ የጽሕፈት ቤትን ሰዓት በፕሮጀክት ስም መሸሸግ ብርቱ ፈተና ነው።

እኛም ተፈትነናል። ሰዓቱን በትክክል መደመር ስንጀምር የጽሕፈት ቤቱ መስመር ካሰብነው በልጦ ወጣ። አፈርን። አንዳንዶቻችን «ለዚህ ወር እናስተካክለው» አልን። በመጨረሻ ግን ቁጥሩን እንዳለ አቀረብነው፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ የስብሰባችንን ብዛት ቀነስን። መዝገቡ ባይነግረን ኖሮ ስብሰባው ይቀጥል ነበር።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ሪፖርታችን ሲደርሳችሁ የደመወዙን መስመር አትለፉት። «ይህ ከበጀት የተወሰደ ነው ወይስ ከተሠራ ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁን። ጥያቄያችሁ አያስቀይመንም፤ ይልቁንም አደራችሁን በትክክል እንድንጠብቅ ይረዳናል።