ለቅዳሜ የተሰቀለ ሥጋ

ስለ አዲሎ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ፤ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴም ውስጥ እንዲሁ ነኝ።

ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ሶዶ ስትወርዱ መንገድ ዳር የምታገኟት የከምባታ ከተማ ናት። አብዛኞቻችን በመስኮት አይተናት አልፈናል። እኔም አላፊ ነበርኩ፤ የ2017ን መስቀል እዚያ እስካከብር ድረስ። ከምባታዎች በዓሉን መሳላ ይሉታል፤ ጎረቤታቸው ሐዲያ ደግሞ በዚያው ሰሞን ያሆዴን ያከብራል። ያን ዓመት መስቀል አርብ ላይ መዋሉን ያዙልኝ፤ ወሬዬ ሁሉ እሱ ላይ ነው።

ጎህ ሳይቀድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዱኝ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ልጅ ሳሉ ዲያቆን ነበሩ። ቤተ ልሔም፣ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርባትና ወይኑ የሚዘጋጅባት ያቺ ትንሽ ቤት፣ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ሰው ስለማታስገባ ከጋሼ ጋር በሩቁ ቆምን።

«ሌሊት ተነሥቼ ዘቢቡን አጥባለሁ፣ እዘፈዝፋለሁ፣ ከዚያ በእጄ እጨምቃለሁ» አሉኝ። «ለቁርባን 18 ሰዓት ይጾማል። የ11 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ሆዴ ይጮኻል፤ እጄ ላይ ደግሞ ያ ጣፋጭ ጭማቂ። ጣቴን አልላስኩም። አንድ ቀን እንኳ!» መዳፋቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ስድሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ አሁንም የሚጣብቅ ይመስል።

ስመጣ በባቱ በኩል የወይን እርሻውን አይቼ ነበርና ከዚያ ጠርሙስ ቢገዛ አይቀልም ወይ አልኳቸው። ሳቁብኝ። መቅደስ የሚገባው ከዘቢብ የተጨመቀው ነው። ኅብስቱም ከንጹሕ ስንዴ ነው፤ በእንሰት አገር፣ ሰው ሁሉ ቆጮ በሚበላበት፣ ምእመኑ ስንዴና ዘቢቡን መገበሪያ ብሎ ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ቃጭሉ ተሰማ። አድማጮቼ፣ ይህን እንዴት ልንገራችሁ! ዲያቆኑ መሶበ ወርቁን ተሸክሞ፣ ጥላ ተይዞለት ከቤተ ልሔም ወጣ፤ ግቢው ሙሉ ነጠላ እንደ እህል አጎነበሰ። ቀና ስል ከማዶ ሐምበሪቾ ጫፉ ላይ ብቻ ብርሃን አርፎበታል፤ ሥሩ ገና ጨለማ ነው። ሰዎች ስለ ተራራው 777 ደረጃ ያወሩኝ ነበር፤ ለእኔ ግን ሐምበሪቾ ያቺ ደቂቃ ናት።

ከቅዳሴ በኋላ የጋሼ ቤት ገባን። ባለቤታቸው፣ እትዬ፣ ለመሳላው ቅቤ ዓመቱን ሙሉ ሲያጠራቅሙ ነው የከረሙት። እዚያ አገር ሴቶች ውጆ አላቸው፤ ቅቤ እያዋጡ በተራ ይወስዳሉ፣ ልክ እንደ እቁብ። የእትዬ ተራ ለበዓሉ ደርሶ ቤቱ በተነጠረ ቅቤ ሽታ ታውዷል። ግን አርብ ነው! ረቡዕና አርብን የሚሽሩት በዓለ ሃምሳ፣ ልደትና ጥምቀት ናቸው፤ መስቀል እዚያ ውስጥ የለም። ስለዚህ እትዬ ቅቤውን አነጠሩት እንጂ አልቀመሱትም። ለእኛ ለጾመኞቹ ቆጮው ከእንሰት ቅጠሉ ተፈትቶ ከዘይት ጎመን ጋር ቀረበ።

የጋሼ ታናሽ ወንድም ግን ቃለ ሕይወት ናቸው። የኤስ አይ ኤም ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሆሳዕና ደርሰው ነበር፤ ጣሊያን ካባረራቸው በኋላ ደግሞ የአገሬው ሰው ራሱ ወንጌሉን በየቤቱ አዳረሰው፤ የወንድምዬውም ቤተሰብ እምነት ከዚያ የመጣ ነው። ጠላም ጠጅም በአፋቸው አይዞርም፤ የጌታን እራት እንኳ በትንንሽ ብርጭቆ ያልቦካ ጭማቂ ነው የምንወስደው አሉኝ። አርብ ግን አይከለክላቸውም። እና አንድ ገበታ ላይ፣ በዓይኔ ያየሁት ነው፣ ታናሽ ያለ ጠጅ ክትፎ ይበላሉ፣ ታላቅ ያለ ክትፎ ጠጅ ይጠጣሉ! ታናሽየው በጎረሱ ቁጥር ታላቅየው ብርሌያቸውን እያነሱ «ይባርክልህ» ይላሉ። ታናሽየውም መልሰው «ይባርክልህ»። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ስለ ሃይማኖት ስንነታረክ የምንውል ሰዎች እዚያ ቤት አንድ አርብ ብንውል ደስ ይለኛል።

ያን ሁሉ ሰዓት ዓይኔ የሄደው ግን ጓዳው በር ላይ ነው። የእትዬና የጋሼ ድርሻ፣ አንድ ሙዳ ቀይ ሥጋ፣ ሳይከተፍ ተሰቅሏል። ለቅዳሜ። ማንም አልነካው፣ ማንም አላነሳው።

ቅዳሜ ጠዋት የነቃሁት በቢላ ድምፅ ነው። ጠክ ጠክ ጠክ፣ እትዬ እንጨቱ ላይ እየከተፉ። ቅቤውን ከድስቱ ቀድተው አፈሰሱበት፤ ዓመት የጠበቁት ቅቤ። መጀመሪያ እኔን አጎረሱኝ፣ ከዚያ ጋሼን፣ ራሳቸው ሊጎርሱ ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ታናሽየው ናቸው።

«ትናንት በልተህ የለ እንዴ?» አሉ ጋሼ።

«ትናንት ብቻዬን ነበራ የበላሁት» ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ አሉ።