እምነትና የተበላሸ መንበር በሳይንሳዊ ልቦለድ

የተሰጠኝ ርእስ በልብ አንጠልጣይ ሳይንሳዊ ልቦለዶች ውስጥ ስለሚታየው እምነትና ስለ ተበላሸ የሃይማኖት ሥልጣን ነው። ዕድሜዬ ያለፈው ከብራና መጻሕፍት ጋር ነውና ወደ ርእሱ የምገባው በዚያው በር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ።

በፌብሩዋሪ 1944 የተባበሩት ኃይሎች አውሮፕላኖች በጣሊያን የሚገኘውን የሞንቴ ካሲኖን ገዳም በቦምብ አፈረሱ። ገዳሙን በስድስተኛው መቶ ዓመት የመሠረተው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ነው። በዚያ ቀን መነኮሳቱና ከጦርነቱ ሸሽተው የተጠጉ ሰዎች ውስጡ ነበሩ። መጻሕፍቱ ግን ተርፈዋል፤ ከወራት በፊት ሁለት የጀርመን መኮንኖች ከመነኮሳቱ ጋር ተስማምተው ወደ ሮም አጓጉዘዋቸው ነበር።

ከአየር ድብደባው ተሳታፊዎች አንዱ ዋልተር ሚለር የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947 ካቶሊክ ሆነ። በ1959 «ኤ ካንቲክል ፎር ላይቦዊትዝ» የተሰኘ ልቦለዱ ታተመ፤ በ1961 የሁጎን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ የሚጀምረው የኑክሌር ጦርነት ዓለምን ካጠፋ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ከጥፋቱ የተረፈው ሕዝብ በቁጣ ተነሥቶ ምሁራንን ገድሏል፣ መጻሕፍትን አቃጥሏል። በአሜሪካ በረሃ ያሉ መነኮሳት ደግሞ የተረፈውን ቁርጥራጭ ይገለብጣሉ፤ የሚገለብጡት ምን እንደሆነ ግን አይገባቸውም።

ፍራንሲስ የተባለው ወጣት መነኩሴ አንድ የኤሌክትሪክ ንድፍ አግኝቶ፣ 15 ዓመት ሙሉ በወርቅና በቀለም አስጊጦ ይገለብጠዋል። ዋናውንና ቅጂውን ይዞ ወደ ጳጳሱ ሲጓዝ ሽፍቶች ያገኙታል። በወርቅ ያሸበረቀውን ቅጂ ዋናው መስሏቸው ይወስዱታል፤ የደበዘዘው ንድፍ ይተርፋል። የ15 ዓመት ድካሙ ዋናውን አዳነ ማለት ነው። እዚህ ገጽ ላይ በደረስኩ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጎንደር ውስጥ አንድ አረጋዊ ቁም ጸሐፊ ሲገለብጡ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከአሮጌው ቅጠል ላይ ጥቂት ፊደላት ተፍቀው ጠፍተዋል። ቦታውን ባዶ ትተው አለፉ። «አባታችን፣ ምን እንደሚል እኮ ይታወቃል» አልኳቸው። «እኔ አውቀው ይሆናል፤ መጽሐፉ ግን አላለኝም» አሉኝ። ለእኔ የሚለርን መነኮሳት ፍቺ የሰጡኝ እኒህ አባት ናቸው። ያላዩትን አየን አይሉም፤ በእጃቸው ያለውን ግን ይጠብቃሉ።

አሁን የተበላሸው መንበር ምን እንደሆነ መናገር እችላለሁ። በእነዚህ ልቦለዶች ውስጥ የሃይማኖት ሥልጣን የሚበሰብሰው ባዶውን ቦታ መታገሥ ሲያቅተው ነው። ማመንን ትቶ ማስረጃ ማምረት ይጀምራል፤ ማስረጃውን የሚያመርትለት ደግሞ መሣሪያ ነው።

ሰዓቱ ስለሄደብኝ ምሳሌዎቹን በአጭሩ ላንሣ። ሮበርት ሃይንላይን በ1940 ባሳተመው «ኢፍ ዚስ ጎውዝ ኦን» አሜሪካን የሚገዛው «ነቢይ» በየዓመቱ ለሕዝብ የሚያሳየው ተአምር የቴሌቪዥን ቅንብር ነው። በፍራንክ ኸርበርት «ዱን»፣ በ1965፣ የሴቶች ማኅበር በየፕላኔቱ ትንቢት አስቀድሞ ይዘራል፤ ወጣቱ ፖል ያንን ትንቢት ተጠቅሞ መሲሕ ይሆናል። በ1969 በወጣው ተከታዩ ክፍል በስሙ የተገደለው 61 ቢሊዮን ሰው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በዳን ሲመንስ «ኢንዲሚየን»፣ በ1996፣ ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ በሰው ደረት ላይ የሚተከል መስቀል ታድላለች፤ መስቀሉ የሞተውን በሥጋ ያስነሣል። ከስጦታው ጀርባ ከማሽን አእምሮዎች ጋር የተደረገ ስውር ውል አለ። ትንሣኤ በእጅ የሚጨበጥ ከሆነ ማን ተስፋ ያደርጋል? ይህን የሚጠይቀው ከሃዲ አይደለም። የመርከብ አዛዥ የሆነው ካህን ዴ ሶያ ነው፤ ሥልጣኑን ትቶ የሚያምፀውም ስለሚያምን ነው።

አንድ ተማሪዬ «መምህር፣ እነዚህ መጻሕፍት እምነትን ለማፍረስ የተጻፉ አይደሉም?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አይደሉም። ቢያንስ ሚለርና ሲመንስ መንበሩን የሚከሱት ለምእመኑ ተቆርቁረው ነው። የገዳሙ አለቃ ዘርኪ በመጨረሻው የሚለር ክፍል በጨረር የተጎዱትን ለመግደል የተቋቋመውን ካምፕ ሲቃወም ሕግም ሥልጣንም ከእርሱ ጋር አይደሉም።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ወጣት ተርጓሚዎች፣ አንድ ልመና አለኝ፤ የሚለርን መጽሐፍ በአማርኛ አስነብቡን። የመነኮሳቱን ላቲን በግዕዝ አስቀምጡት፤ አንባቢያችን ይከተላችኋል። ከብራና ሥራ የማውቀውን ሁሉ ልነግራችሁ ዝግጁ ነኝ።