በመሳቢያ ውስጥ ስም የምትጠብቅ ፍጥረት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ በሩቁ የትኋን ዘመድ ስለ ሆነች፥ እግሯም እንደ ክር ስለ ቀጠነ አንዲት አዳኝ ፍጥረት ነው። ከዘመዶቿ አንዷ በአውስትራልያ የሸረሪትን ድር በቀስታ ትነካካለች፤ ሸረሪቷም ሲሳይ የተያዘላት መስሏት ስትቀርብ ራሷ ሲሳይ ትሆናለች።

ፔድሮ ዊጎድዚንስኪ የተባሉ ሊቅ በፈረንጆች 1966 ዓ.ም. ስለዚሁ ወገን ከ600 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ በኒውዮርክ አሳተሙ። አዲስ ዝርያ የሚገኘው በጫካ ብቻ አይደለም፤ በቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተወግታ የተቀመጠችውም አዲስ ልትሆን ትችላለች። መርማሪው በአጉሊ መነጽር የፊት እግሯን እሾህ ይቆጥራል፤ የወንዱን የመራቢያ አካል በጥንቃቄ ይስላል፤ ከታወቁት ጋር ካልገጠመ ስም አውጥቶ አንዱን ናሙና ለምስክርነት ያኖራል። እግሯ ግን በጥቂት ንክኪ ይሰበራል። ከዚህ የሚብሰው ከመርፌው ሥር ያለችው ቁራጭ ወረቀት ስትጠፋ ነው፤ ቦታውና ቀኑ ካልታወቀ ከወዴት መጣች ይባላል?

በፈረንጆች 2012 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ አንድ ዝርያ ከተያዘ በኋላ ስም እስኪያገኝ በአማካይ 21 ዓመት ይቆያል ይላል። ይህ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል! በዚህም መካከል የተያዘበት ደን ሊመነጠር ይችላል።

እንግዲህ ነፍሳት የምትሰበስቡ ጓደኞቼ፥ ወረቀቷን በያዛችሁበት ቀን ጻፉ፤ ለነገ አታቆዩ።